ስለ ዐጸድ ዛፍና ስለሚበቃ ኑሮ

ሰው በፍጥረት ላይ የተሰጠው ሥልጣን የባለቤት ነው ወይስ የመጋቢ ነው የሚለው ጥያቄ በክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ዘመን ሲመላለስ የኖረ ነው። ነገሩ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ባለቤቱ ፈጣሪ ነው፥ ሰው ግን ዐደራ የተቀበለ መጋቢ ነው ተብሎ ይመለሳል፤ ይህንንም መልስ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን መልሱ ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ወደ አንድ የገጠር ደብር ዐጸድ ሲገባ፥ በዚያም ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በጥላው ሥር ተቀምጠው ያ ያረጀ ጥድ ይቈረጥ ወይስ ይቅር ብለው ሲመክሩ፥ ያን ጊዜ ቀላልነቱ ይቀርና የኅሊና ጭንቅ ይሆናል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቡብ ጎንደር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ በበጋ ወራት የሚያየው አገር እጅግ የተራቈተ ነው። አዝመራው ታጭዶ፥ ቃርሚያው በከብት ተግጦ፥ አፈሩ ለፀሓይና ለነፋስ ተገልጦ ይታያል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እዚህና እዚያ በኮረብታው ራስ ላይ ክብ የሆነ ደን ብቻውን ቆሞ ይለመልማል፤ መንገደኛውም የአገሩ ልጅ ከሆነ ማንንም ሳይጠይቅ በዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1000 ይበልጣሉ። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 ደኖች ውስጥ ባደረጉት ምርመራ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ቆሶው፥ ዋንዛው፥ ዶቅማው ሁሉ በአካባቢው እርሻ ላይ ቢፈለግ በአንድነት አይገኝም፤ ወደ ዐጸዱ የገባ ሰው ግን ሁሉንም በአንድነት ያገኘዋል።

በ1930 ዓ. ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከአየር ላይ ያነሡት ፎቶግራፍ በቅርብ ዘመን ከሳተላይት ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር፥ ደኖቹ በያሉበት ቆመው መቈየታቸው ይታያል። ይህ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ደኑን ከብቦት የነበረው ቍጥቋጦ ጠፍቶ፥ ደኑ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ብቻውን ቀርቷል፤ ጠርዙም ሳስቷል፤ በአንዳንዱም ስፍራ ሰፋ የሚመስለው ባሕር ዛፍ ስለ ተተከለበት ነው።

ይህ ደን በምን ኀይል ተጠበቀ? ዘበኛ አልቆመለትም፤ የዛፍ ትምህርት የተማረ ሰውም ለብዙ መቶ ዓመት አልደረሰለትም። ሕዝቡ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህም ዐጸዱ የተመነጠረ ደብር እንደ ተራቈተ ሰው ያሳፍረዋል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በውስጡ ቅኔ ማሕሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል የታወቀ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር ክብሩ እየጨመረ ይሄዳል። ደኑ ደግሞ ከእነዚህ ውጭ እንደ አራተኛ ክበብ ሆኖ ቆሟል፤ ምእመኑ ጫማውን ሳያወልቅ ልቡን የሚያረጋጋለት ያ ጥላና ያ የወፍ ድምፅ ነው። ሙታን የሚያርፉት በዚያ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆውን የሚቀልሰው በዚያ ነው፤ በብዙ ስፍራ ጠበሉም የሚፈልቀው ከዚያው ሥር ነው።

ሊቃውንት ዐጸደ ቤተ ክርስቲያንን በገነት ይመስሉታል። ይህ ምሳሌ ለንግግር ጌጥ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የጥያቄውን ፍች የሚጠቍም ነገር ይዟል። አዳም በገነት ሳለ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ቦታውን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ተሹሞ ነበር። ከሹመቱም ጋር አንድ ክልከላ ተሰጠው፤ ክልከላውም ስለ ወርቅ ወይም ስለ መንግሥት ሳይሆን ስለ አንድ ዛፍ ነበር። የቂሳርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ባስልዮስ የጾም ሕግ በገነት ተጀመረ ብሎ ማስተማሩ ስለዚህ ነው። ዛፉ ክፉ ስለ ነበረ አልተከለከለም፤ ለዓይን ያማረ ነበር፤ እጅም ይደርስበት ነበር። ሰው ሊወስደው እየቻለ የሚተወው አንድ ነገር ከሌለው፥ የቀረው ሁሉ የተሰጠው መሆኑን ይረሳል፤ ስጦታውንም እንደ ርስቱ ይቈጥረዋል። የዐጸዱ ዛፍ እንግዲህ ምሳር በትከሻው የተሸከመ ገበሬ በየሰንበቱ አይቶት የሚያልፈው ያ ያልተነካ ዛፍ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሊከራከር ይችላል። የቀድሞ ሰዎች ዛፉን የተዉት ከምግባራቸው የተነሣ ሳይሆን ከድኽነታቸው የተነሣ ነው፤ የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ለሚበቃው ደብር ብዙ ግንድ ምን ያደርግለታል? ይል ይሆናል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ለምዱን ለብሶ፥ ኮቸሮውን በአኮፋዳው ይዞ፥ በቅጠል ጎጆ ውስጥ ዜማና ቅኔ የሚማር ተማሪ ከዐጸዱ የሚወስደው ጥቂት ጭራሮ ብቻ ነው። መናኙም እንዲሁ ነው። የነዚህ ሰዎች ፍላጎት ትንሽ ስለ ሆነ ደኑ ሳይጐዳ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ገበሬ መናኝ አልነበረም። ልጆች ነበሩት፤ ሞፈርና ቀንበር ያስፈልገው ነበር፤ በክረምት ቤቱ ጢስ ያጣ ነበር። እንጨቱ በእጁ አጠገብ ሳለ፥ ሚስቱ ኩበት ለመልቀም ሩቅ ስትሄድ ዝም ያለ ሰው ድኻ ቢሆንም ከድኽነት የሚበልጥ ነገር ነበረው። ባለጠጋ ሰው ከትርፉ ሲተው ይመሰገናል፤ ይህኛው ግን ከጕድለቱ ትቷል።

አሁን ወደ ጭንቁ መግባት ይገባል። ጣራው ያፈሰሰ፥ ግድግዳው የተሰነጠቀ አንድ ደብር ይታሰብ። ዝናብ ወደ ቅድስት ይገባል፤ ምእመናኑ ሥዕሉ ሲበላሽ እያዩ ያለቅሳሉ። በዐጸዱ ውስጥ ደግሞ ቢሸጥ ለቆርቆሮው፥ ቢሰነጠቅ ለበርና ለመስኮቱ የሚበቃ ጥድ ቆሟል። ለእግዚአብሔር ቤት ሥራ የእግዚአብሔርን ዛፍ መቍረጥ ኃጢአት ነውን? በዚህ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰሎሞንን ይጠቅሳል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ አርዘ ሊባኖስን አስቈርጦ የለምን? ይላል፤ የሚመልስለትም አይገኝም።

ሰሎሞንን የሚጠቅስ ሰው ግን ንባቡን በመካከል ማቆም የለበትም። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚተርከው ንጉሡ ለዚህ ሥራ 30000 ገባር አውጥቶ፥ በየወሩ 10000 እየፈረቀ ወደ ሊባኖስ ይሰድድ ነበር። ቤተ መቅደሱ በ7 ዓመት ተፈጸመ፤ ርዝመቱም 60 ክንድ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደግሞ ንጉሡ የራሱን ቤት በ13 ዓመት እንደ ሠራ፥ የሊባኖስ ዱር ቤት ተብሎ የተጠራው አዳራሹም 100 ክንድ ርዝመት እንደ ነበረው ይናገራል። ጸሓፊው አይነቅፍም፥ አያመሰግንምም፤ ልኩን ብቻ ለክቶ ያልፋል። ሆኖም ሁለቱን ቍጥር ጎን ለጎን ያየ አንባቢ፥ ለመቅደስ ተብሎ የተነሣው ምሳር ለአዳራሽ ሲሆን ብዙ እንዳልተቸገረ ያስተውላል። የገባሩ ምሬትም በልጁ በሮብዓም ዘመን መንግሥቱን ለሁለት ከፈለው።

የሊባኖስ ተራራ ራሱ ምን እንደ ደረሰበት ማወቅ ደግ ነው። ንጉሥ ለመርከብና ለቤተ መንግሥት፥ ባላገር ለከሰልና ለኖራ ምድጃ እየቈረጠው ያ ታላቅ ዱር አለቀና፥ ከብሻሪ በላይ እንደ ቀረው ያለ ትንሽ ትንሽ ክፍል ብቻ ተረፈ። በብሻሪው ደን መካከልም አንዲት ትንሽ የማሮናውያን ጸሎት ቤት አለች። በ1876 እ. ኤ. አ. ፍየል ችግኙን እንዳይበላው በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ገንዘብ የድንጋይ ግንብ ተሠራለት። ብዙ ነገሥታት እየተቀባበሉ የጨረሱትን አንዲት ንግሥት በግንብ ልታስቀረው ሞከረች ማለት ነው።

እንግዲህ ለደብሩ ጣራ አንድ ጥድ መቍረጥ በራሱ ኃጢአት ነው ብሎ መፍረድ ከባድ ነው። ዛፍ ለሰው ጥቅም ተፈጥሯል፤ ቤተ ክርስቲያንም ያለ እንጨት አልተሠራችም። የሚመረመረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጣራው ዝናብ እንዲከለክል ነው የሚፈለገው ወይስ ከጎረቤቱ ደብር እንዲበልጥ ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፍላጎት ድንበር አለው፤ ቀዳዳው ሲደፈን ያበቃል። የሁለተኛው ድንበር የለውም፤ ጎረቤቱ ደግሞ ነገ ከፍ ያለ ይሠራልና። በወንጌል ጐተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጐተራ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ሰርቋል ወይም ቀምቷል ተብሎ አልተከሰሰም፤ እርሻው ደግ ፍሬ አፍርቶለት ነበር። ስንፍናው ይህ ይበቃኛል የሚልበትን ስፍራ አለማወቁ ነው።

ሆኖም በከተማ ተቀምጦ ለገጠር ካህን ስለ መጠነኛ ኑሮ መስበክ የማይገባ ድፍረት ነው። በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ደብሮች የሰሞን መሬታቸውን አጡ፤ ካህኑም በምእመናን መዋጮና በገዛ እርሻው የሚኖር ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዐጸዱ ዳር ባሕር ዛፍ ተክሎ፥ በየጥቂት ዓመቱ እየሸጠ ለዕጣን፥ ለዘቢብና ለጧፍ መግዣ የሚያውል ደብር ብዙ ነው። ማን ይፈርድበታል?

ስለ ባሕር ዛፍ ከተነሣ የአዲስ አበባን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ. ም. ተቈርቍራ ሃያ ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም እንጨት ወዳለበት ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ተቈርጦ ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ፥ ፈጥኖም የሚያድግ ስለ ሆነ ከተማዪቱን ከመነቀል አዳናት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍን የሚራገሙ ሰዎች ይህን ውለታውን ሊረሱበት አይገባም። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ማገዶ ሰጠ እንጂ ልክን አላስተማረም። አንድ ከተማ ስንት እንጨት ይበቃታል ተብሎ ሊጠየቅ በተቃረበበት ሰዓት ደረሰና ጥያቄውን አስቀረው። የእንጦጦን ቍልቍለት በጀርባቸው ሙሉ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፥ ወገባቸው ጐብጦ የወረዱ ድኾች ሴቶች የዚያን ያልተጠየቀ ጥያቄ ዋጋ ብዙ ዘመን ከፍለዋል። በዐጸድ ውስጥም ሲተከል ባሕር ዛፍ ውሃውን ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላው ቡቃያ በደኅና አይበቅልም፤ ስለዚህ ለዕጣን መግዣ የተተከለው ዛፍ ቀስ በቀስ ልብሱን ራሱን ይበላዋል።

ከካህኑ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ትርፍ ያለው ሰው ነው። ከደብሩ ወጥቶ በአዲስ አበባ የከበረ፥ ወይም በአሜሪካና በአውሮፓ ሠርቶ ገንዘብ ያገኘ የደብሩ ልጅ፥ ለትውልድ ስፍራው ውለታ ሊመልስ ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሲሚንቶ ሕንጻ ነው። አሳቡ ቅን ነው። ግን የሕንጻው ስፋት የሚለካው በምእመናኑ ቍጥር ሳይሆን በሰጪው ስም ሲሆን፥ ለመሠረቱ ቦታ ዛፍ ይነሣል፤ ለድንጋዩና ለአሸዋው መንገድ ሌላ ዛፍ ይነሣል። ወላጆቹም ሲሞቱ በዚያው ዐጸድ የእብነ በረድ መቃብር ያሠራላቸዋል፤ ቀድሞ በሣርና በወይራ ሥር ያለ ምልክት ያረፉ አባቶች ባሉበት ስፍራ የብረት አጥርና የሸክላ ንጣፍ ይተካል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማረው ትምህርት፥ ለመሠዊያው የወርቅ ዕቃ እያቀረበ ደጁ ላይ የተራቈተውን የሚያልፍ ሰው ክርስቶስን እንዳላወቀው ይናገራል፤ ስጦታውን አልከለከለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አቃንቷል። የዐጸዱ ዛፍ ለድኻው ጥላ፥ ለምንጩ እርጥበት፥ ለንቡ አበባ መሆኑን ያወቀ ሰው ያንኑ ቃል ወደዚህ ቢያመጣው አያጠፋም።

ስለ ተዝካርና ስለ ድግስም ማሰብ ይገባል። ለአንድ ቀን ግብር የሚነደው ፍልጥ አንዲት ባልቴት ብዙ ወራት የምታነደው ነው። ጾምም እንኳ ከዚህ አልዳነም። ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማትን ሠርታ በዓመት ውስጥ ከ200 ቀን በላይ ሰው ፍላጎቱን እንዲገታ ታስተምራለች፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ቀን ይበቃል ማለትን የሚለማመድ ሕዝብ ጥቂት ነው። በአንዳንድ የከተማ ቤት ግን የጾሙ ገበታ ከፍስኩ ገበታ ይልቅ በዓይነት በዝቶ ይቀርባል፤ ቅቤ ቀረ እንጂ መጠን አልመጣም።

ከዚህ የሚከብደው ነገር ደግሞ አለ። ዐጸዱ ተከብሮ ሳለ ከዐጸዱ ውጭ ያለው ተራራ ሁሉ የተመነጠረው በዚያው በዚያው ሕዝብ እጅ ነው። ክቡሩ ዛፍ ከግንቡ ውስጥ፥ የማንም ያልሆነው ዛፍ ከግንቡ ውጭ ሆኖ ተከፋፈለ። ይህ መከፋፈል ደኑን አድኖታል፤ ስለዚህ በቀላሉ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ቅዱስ የሆነውን ቦታ ማክበር ሌላውን ለመድፈር ፈቃድ ሆኖ ከተወሰደ፥ ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን እንደ ተዉት ሰዎች መሆን ነው። በሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ሲገባ ማሕሌቱ ስለ ዘርና ስለ ደመና ያዜማል፤ በዚያ ዜማ ውስጥ የዐጸዱ ዘርና የገበሬው ዘር አልተለዩም፤ ደመናውም በግንብ አልታጠረም። የሚዘምረው ካህን ሲወጣ የሚያየው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ሲወርድ ነው።

የዛፍ ሊቃውንት በዚህ ላይ አንድ አስጨናቂ ነገር ጨምረዋል። ከእነዚህ የአገር ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ አይቈይም፤ በጊዜው ካልበቀለ ይሞታል። እናቲቱ ዛፍ ከጠፋች በኋላ መሬቱ ቢከለል እንኳ ከራሱ ከአፈሩ የሚነሣ ደን የለም ማለት ነው። በዐጸዱ ውስጥም የወደቀው ዘር በቅሎ ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ከብት ይበላዋል፤ ያረጁት ዛፎች ቆመው ይታያሉ፥ ልጆች ግን የሏቸውም። ከዳር የሚያይ ሰው ደኑ ደኅና ነው ይላል፤ ከውስጥ ገብቶ ጐንበስ ያለ ግን ተተኪ ማጣቱን ያያል። ከብት የማይገባበት ተከልሎ ሲፈተን ችግኙ ብዙ ጊዜ በሕይወት መቈየቱ ታይቷል።

ስለዚህም ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቱ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማንና ከየደብሩ ካህናት ጋር ሆነው በብዙ ዐጸድ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው እርሻ ነው፤ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፥ ደኑም ይታጠርለታል። ሲሚንቶ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሰው ጕልበትና ስምምነት ነው። ሰው የሚገባበት በር ይተዋል፥ በሬ ግን ይከለከላል። የቀረው ምክር ግንቡ የት ይቁም የሚል ነው። ግንቡ በዛፎቹ ጠርዝ ላይ ቢቆም ያለውን ይጠብቃል፤ ጥቂት ራቅ ቢል ግን ለሚመጣው ስፍራ ይተዋል፤ ራቅ ካለም የሚነካው የጎረቤቱ የጤፍ ማሳ ነው። ልጆቹን የሚመግብበትን ግማሽ ጥማድ ገበሬው ብቻውን እንዲተው ማድረግ ፍርድ አይሆንም። በከተማ ያለው የደብሩ ልጅ ለእብነ በረዱ ያሰበውን ገንዘብ ለዚያ ማሳ ምትክ ቢሰጥ፥ በአሮጌው ደንና በአዲሱ ግንብ መካከል በሚቀረው መሬት ላይ በመጀመሪያው ክረምት የጥድና የወይራ ቡቃያ ሊታይበት ይችላል።